የመሬት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ለሚያስገቡ የቀረበ ቅን ምክር

ቢቸና ተመድበው የወረዳውን የገጠር መሬት ይዞታ በኮምፒውተር እንዲያደራጁ ታዘዋል እንበል። እንኳን ደስ ያለዎት! ክልሉ በ1990ዎቹ የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዱ የዞንዎ ጎዛምን ነበር፤ ስለዚህ ወግ አለብዎት። ከፊትዎ የደብተርና የባሕር መዝገብ ክምር ተቀምጧል። የባልና የሚስት ስም፣ የማሳዎቻቸው ስፋት፣ አዋሳኞቻቸው ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ። አለቃዎ «ቶሎ ይግባ» ብለዋል። እንግዲህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ።

አንደኛ፣ አያቅዱ። ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ በየሠንጠረዡ ተለይቶ፣ ሠንጠረዦቹም በጋራ መለያ ተገናኝተው ቢቀመጡ እንደሚበጅ አስረድቷል። እሱ ካሊፎርኒያ ሆኖ ነው፤ የእርስዎ ሪፖርት የሚደርሰው ዓርብ ነው። ኤክሴል በአንድ ገጽ 1,048,576 ረድፍ ስለሚችል ሁሉንም እዚያ ይዘርግፉት። «ማሳ 1»፣ «ማሳ 2»፣ «ማሳ 3» የሚሉ ዓምዶች ያብጁ። አራት ማሳ ያለው ገበሬ ቢመጣስ? ታዲያ «ምርመራ» የሚባለው ዓምድ ለምን ተፈጠረ! ውርሱም፣ ኪራዩም፣ የድንበር ክርክሩም እዚያው ይግባ። የተከራየው ማሳ ስንት ነው ተብለው ሲጠየቁ እያንዳንዱን ረድፍ በዓይን ማንበብ ነው፤ ሥራ አይፈቱም።

ሁለተኛ፣ ለሰው መለያ ቁጥር አይስጡ። ቁጥር ለእስረኛ ነው፤ ክርስትና የተነሣ ሰው ስም አለው። የአያት ስም ቦታ ይፈጃልና ይለፉት፤ ሞክሼዎቹ ሲመጡ በመልክ ይለያሉ። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብሎ ቢያስገባ አይቆጡ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰዎች ናቸውና የወረዳዎ ባለይዞታ ያለ ወሊድ ይበዛል። ሪፖርት ላይ ዕድገት ተብሎ ይያዛል።

ሦስተኛ፣ አዋሳኝን በስም ይመዝግቡ፦ «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት»። እገሌ አርፈው መሬቱ ለልጃቸው ሲተላለፍ የሚያስተካክሉት የእሳቸውን ረድፍ ብቻ ነው። በአራቱ ጎረቤቶች ረድፍ ላይ ሟቹ ድንበር እየጠበቁ ይኖራሉ። የማሳው ቁጥር ቢጻፍ ኖሮ ባለቤቱ በአንድ ቦታ ሲለወጥ ለሁሉም ይለወጥ ነበር። ግን እንዲህ ቢሆን የድንበር ሽማግሌ ምን ይሠራል?

አራተኛ፣ የቀን ዓምዱን ፕሮግራሙ እንዳመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ይተዉት። ጥቅምት 30 ቀን የተፈረመ የኪራይ ውል «30/2» ሆኖ ሲገባ የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው ማሽኑ እንደ ቀን አይቆጥረውም። ጳጉሜን የተፈረመማ አሥራ ሦስተኛ ወር ይጠይቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባለጉዳዩን «በኅዳር ይፈርሙ» ይበሉት። ሌላው መንገድ የዓምዱን ዓይነት ወደ ጽሑፍ መለወጥ ነው፤ ያኔ «ከ1989ኙ ሽግሽግ ወዲህ» የሚልም ቀን ይቀበላል። የትኛው ውል ከየትኛው እንደሚቀድም ማሽኑ አያውቅም እንጂ።

አምስተኛ፣ አሁን ይስፋፉ። የቢቸናው ሥራ ስሙ ሲወጣ ሞጣም ትጠይቃለች። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጠው በደብረ ወርቅ በሚያልፍ ሚኒባስ ይስደዱት። ሞጣም እንደ ቢቸና ከቁጥር 1 ትጀምር፤ እኩልነት ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው ዞን «አንድ ላይ አምጡ» ሲል ሁለት አንደኞች፣ ሁለት ሁለተኞች ይገናኛሉ። የወረዳ ኮድ ከፊት ቢጨመር ይለዩ ነበር፤ ኮድ ግን ማን ያስታውሳል? የወረዳውን ስም ራሱን በእጅ ያስጽፉ። እነማይ፣ እነብሴ ሳር ምድር፣ እናርጅ እናውጋ፣ ሁለት እጁ እነሴ በሚገኙበት ዞን የጸሐፊ እጅ ትንሽ ቢስት አንድ ገበሬ ከነማሳው ወረዳ ይለውጣል።

ስድስተኛ፣ አዲስ ሶፍትዌር ሲመጣ «ቆሻሻው በዚያው ይጠራል» ብለው ይጽናኑ። ክልሉ ቀድሞ ኢስላ በሚባል ሶፍትዌር ይመዘግብ ነበር፤ ኋላ አገር አቀፉ ኤንርላይስ መጣ። ሶፍትዌር ይለወጣል፤ ሦስቱ ኃይሉዎች ግን አብረው ይሻገራሉ።

በመጨረሻ፣ ከአንድ ዓይነት ሰው ይጠንቀቁ። ኮምፒውተሩን ሳይከፍት ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይቀመጣል። «አንድ ማሳ ስንት ባለቤት ሊኖረው ይችላል? አንድ ሰውስ ስንት ማሳ? ሰው ሲሞት የትኛው ረድፍ ይነካል? ነገ ሌላ ወረዳ ቢጨመር ቁጥሩ ይጋጫል?» እያለ ይጠይቃል። ለባለይዞታ አንድ ሠንጠረዥ፣ ለማሳ አንድ፣ ማን የትኛውን ማሳ እንደያዘ ለሚያሳየው ደግሞ ሦስተኛ ይሥላል፤ ባልና ሚስቱም ወራሾቹም በዚህ በሦስተኛው ይገባሉ። ከእያንዳንዱ ነገር አንድ ቅጂ ብቻ ይጽፋል፤ ሌላው ቦታ ቁጥሩን ይጠቁማል። የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ አንድም ስም አያስገባም፤ አለቃዎም «ሰነፍ» ይሉታል። ቢፈቅዱለት ግን ባለጉዳይ ጠዋት መጥቶ ጠዋቱኑ ጨርሶ ይሄዳል። ያኔ «ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» የሚሉት ለማን ነው?