ዳክ ነው ዳክዬ?

«ይሄ ዳክ ዘፈኑን ወደ 192 ኪሎኸርዝ ያሳድገዋል፤ ድሮ ያልሰማኸው ድምፅ ሁሉ ይወጣል!» አልከኝ፣ ድባጤ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሰው ከሰማ ደግሞ መልስም ይስማ። ዳክ ማለት ዲጂታል ፋይልን ወደ ድምፅ የሚቀይር ዕቃ ነው። ኪሎ ሲባል ጆንያህን ይዘህ አትሩጥ፤ ኪሎኸርዝ በቆሎ አይደለም፣ ስለበዛ አያጠግብም።

እኮ ከየት ነው የሚወጣው? ዘፈንህ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒስሪ ነው። ሲጨመቅ ከ16 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል። ፀጉር አስተካካዩ ላጭቶህ፣ ጠርጎ ጥሎታል፤ አንተ ትልቅ መስታወት ገዝተህ ጎፈሬህን ትፈልጋለህ።

ናሙና፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚለካውን የድምፅ ነጥብ፣ አበዛሁ ትላለህ። ሽሮ ላይ ውሃ ሲበዛ ድስቱ ይሞላል እንጂ ሽሮው ይበዛል? ማሽኑ በነበሩት ነጥቦች መሀል ሌላ ነጥብ አስልቶ ይሰካል፤ ዘፋኟን አላገኛት፣ ስቱዲዮ አልገባ። ፋይልህ ወፈረ እንጂ አልጠራም። «እያንዳንዱን ናሙና ከ16 ወደ 24 ቢት አሳደግሁት» ስትል ደግሞ ቤት የሠራህ ነው የምትመስለው። ተከራዩ ያው የድሮው 16 ነው፤ የጨመርካቸው 8 ክፍሎች ባዶ ናቸው።

እሺ፣ ከምንጩ 192 ሆኖ የተቀዳ ነው እንበል። እንዲህ ያለ ፋይል የናሙናውን ግማሽ፣ እስከ 96 ሺህ ኸርዝ ይይዛል። የሰው ጆሮ፣ ያውም የልጅ ጆሮ፣ 20 ሺህ አካባቢ ሲደርስ በቃኝ ይላል። የተረፈውን ማን ሊሰማልህ ነው? የሌሊት ወፍ? እንግዲያው ወንበር ያዝላት! እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና የያዘው ለ20 ሺህ እጥፉ ከነትርፉ ስለሚበቃ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሜየርና ሞራን የተባሉ ሰዎች ይህንኑ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። አድማጮቹ ከሲዲ የላቀ ጥራት አላቸው የተባሉትን የሱፐር ኦዲዮ ሲዲንና የዲቪዲ ኦዲዮን ድምፅ በሲዲ መጠን ካለፈው ቅጂ ለዩ ተባሉ። 554 ጊዜ ሞክረው ግማሽ ያህሉን መቱ፤ ሳንቲም ቢወረውሩም ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ራይስ የተባለ ተመራማሪ የ18 ጥናቶችን ውጤት ደምሮ ልዩነት አገኘ፤ በትክክል የተለየው 52 በመቶ ገደማ! እነሱ ፀጥ ባለ ክፍል እንዲህ ሲቸገሩ፣ አንተ ባጃጅ እየጮኸ፣ በተቀደደ ስፒከር፣ ዳቦ እያኘክ ለየኸው።

«ታዲያ ዳኩ ለምን ናሙና ያበዛል?» ይህን አስቀድመህ ብትጠይቅ ሻዩ በእኔ ነበር። ፊሊፕስ በመጀመሪያዎቹ የሲዲ ማጫወቻዎቹ ናሙናውን በ4 ያባዛው ነበር፤ ጆሮ ከሚሰማው በላይ ያለውን ትርፍራፊ የሚያስቀረው ማጣሪያ ሥራው እንዲቀልለት። ጥቅሙ እውነት ነው። ግን ያጣራል እንጂ አይወልድም። ስልክህ ውስጥ ያለችው ዳክም ሳታዛት ይህንኑ ትሠራለች። ስለዚህ ዳክ ብለህ የገዛኸው ዳክዬ ነው፤ ሲዋኝ ያምራል፣ ሲዘፍን ግን «ኳክ» ነው።

24 ቢት አይረባም አላልኩም። ሲቀዳ ነው የሚያስፈልገው። አሶሳ ሄደህ የበርታ ሕዝብን የዋዛ ሙዚቃ ስማ፤ ከቅል የተሠሩት መለከቶች አንዱ የአንዱን ድምፅ እየተቀበለ ዜማውን በጋራ ይጨርሱታል። ዋዛን መቅዳት ዋዛ አይደለም። እዚያ ጥሩ ማይክና 24 ቢት ይዘህ ሂድ፤ ዝቅተኛው ድምፅ ሳይጠፋ፣ ከፍተኛው ሳይሰነጠቅ ይገባልሃል። ማታ ቤት ተቀምጠህ በማሳደግ ግን አታመጣውም።

ደግሞ ያ ኤምፒስሪህ የመጣበት ካሴት እናትህ ሳጥን ውስጥ አለ! ጥጥ አልኮል ነክረህ የቴፑን ጭንቅላት ጥረግ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። (የማን ጭንቅላት ይቅደም የሚለውን በረንዳው ይፍረድ።) ከዚያ ሳትጨምቅ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ቅዳው፤ የዳኩን ብር ለስፒከር አድርገው። ካሴቱን ግን ዘንድሮውኑ ቅዳው። ክሩ በየዓመቱ እየደከመ ነው።