እትዬ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ሃምሳን ስናልፍ የሚያምረን ነገር የታወቀ ነው። አንዱ ሀገር ቤት ጂ ፕላስ ቱ ያስጀምራል፤ አንዱ ሰበካ ጉባኤ ይመረጣል፤ አንዱ ስኳሩንና ግፊቱን እየለካ ለሌላው ሐኪም ይሆናል። እኔን ያማረኝ አውሮፕላን ማብረር ነው። ሥራዬ ሳይሆን አይቀርም ያመጣብኝ። ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነጂ ነኝ። ሰው ሁሉ በእኔ መኪና እስከ በሩ መጥቶ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ ሽቅብ ሲሄድ፣ እኔ ወደ ተራዬ ስመለስ ኖሬያለሁ። ሐሳቤን ለባለቤቴ ስነግራት ከምትከትፈው ሽንኩርት ቀና ሳትል፣ «ሰማይ ቤት መሄድህ ላይቀር ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ።

ሕጉ ከባለቤቴ ይልቅ ለዘብ ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለግል አብራሪነት ፈቃድ ትንሹ ዕድሜ 17 ነው፤ ትልቁ አልተጻፈም። ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ግዴታ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 20ው ከአስተማሪ ጋር፣ 10ሩ ለብቻ። አብዛኛው ሰው ግን ከ60 በላይ ይፈጃል፤ ኪሱም አብሮ። ዕድሜ የሚነሣው ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ነው። ከ40 ዓመት በታች ላለ ሰው የጤና ወረቀቱ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ለእኛ ለአንጋፋዎቹ ሁለት ዓመት። መንግሥት በልባችን ላይ ያለው እምነት ይህን ያህል ነው።

አስተማሪዬ ከመጀመሪያ ልጄ የሚያንስ፣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ፈረንጅ ነው። ስሜን ከወገቡ ቆርጦ ይጠራኛል፤ እኔም እሺ ብዬ እታዘዛለሁ። ዕድሜ ልኩን መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ሴስና 172 ውስጥ ሲገባ ትልቁ ጠላቱ የገዛ እጁ ነው። መሪ የሚመስል ነገር ፊቱ ተደቅኗል፤ መሬት ላይ ግን አውሮፕላኑን የሚያዞሩት እግሮች ናቸው። ግራውን ፔዳል ሲረግጡ ወደ ግራ፣ ቀኙን ሲረግጡ ወደ ቀኝ። መታጠፊያው ሲደርስ እጄ በልማዱ መሪውን ጥምዝዝ ያደርገዋል፤ አውሮፕላኑ ምንም እንዳልሰማ ቀጥ ብሎ ወደ ሣሩ ያመራል። ልጁ ፍሬኑን ይይዝና፣ «እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ፤ እግርህ ይንዳ» ይለኛል።

ወሬው ታክሲ ተራው ሲደርስ ስም ወጣልኝ። ታሪክ አዋቂ ነኝ የሚል አንድ ጓደኛ አለኝ፤ «ጁልያን» አለኝ፣ በዚያው ጸደቀ። ሁበርት ጁልያን ትሪኒዳድ የተወለደ፣ «የሐርለም ጥቁር ንስር» የሚባል አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሽር ጉድ ሲባል፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሳሱላትን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ይዞ ተነሣና ከሰከሳት፤ ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀላት ይባላል። ከሀገር እንዲወጣም ተደረገ።

«ምነው ሮቢንሰን ብትለኝ?» አልኩት፤ በ1935 ከቺካጎ መጥቶ አየር ኃይላችንን የመራውን ጆን ሮቢንሰንን ማለቴ ነው።

«ሮቢንሰን አዲስ አበባ ሲገባ ሰላሳ ዓመት ገደማው ነበር» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ከትምህርቱ ሁሉ የወደድኩት ከመነሣት በፊት ያለውን ፍተሻ ነው። ክንፉ ሥር ጎንበስ ብዬ ከነዳጅ ታንኩ ግርጌ ያለችውን ማስተንፈሻ ጠርሙስ በምታክል መቅጃ ገፋ አደርጋታለሁ፤ ቤንዚኑ ሽር ብሎ ይወርዳል። ሰማያዊ ነው፤ ከሌላ ዓይነት ነዳጅ እንዳይምታታ ቀለም ይገባበታል። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጌ አየዋለሁ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ካለ ከታች ይተኛል። ከሰማያዊው ሥር አንዲት የጠራች ጠብታ ስትንከባለል ካየሁ እስክትጠፋ ድረስ ደግሜ ደጋግሜ እቀዳለሁ። ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ልጁ ስልኩን እያየ ይጠብቀኛል። ወጣቶቹ ተማሪዎች ይህን በጥድፊያ ይጨርሱታል። እኔ ግን በረራ ሊያመልጠው ከሚቁነጠነጥ ተሳፋሪ ጋር ስኖር የሌላ ሰው ጥድፊያ አልገባ ብሎኝ ቀርቷል።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ ታለቅሳለች። «ልጄ፣ ብቻ ከፍ አትበል!»

«እማዬ፣ አንቺ ከተቀመጥሽበት በታች ነው የምበረው» እላታለሁ። እውነቴን ነው። ቨርጂኒያ ላይ ለልምምድ 3,000 ጫማ ከወጣን ይበቃናል። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ነው የተነጠፈው፤ ደብረ ብርሃን 9,000ን ታልፋለች። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ፕሮፔለሩም ክንፉም ይደክማሉ። ሴስናዋ ተንጠራርታ የምትደርስበት ጣሪያ 14,000 ጫማ ገደማ ነው፤ ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ስለሆነ እሱን ቁልቁል ማየት አይሆንላትም። እናቴ ይህን ሁሉ አዳምጣ፣ «ከኔ በታች ከሆነ ታዲያ ለምን ትከፍላለህ?» አለችኝ።

ፈተናውን አለፍኩ እንበልና እንሂድ። ወረቀቱን እንዳገኘሁ ታክሲ ተራው ከበበኝ፤ «ባሕሩ ዳርቻ፣ ኦሽን ሲቲ፣ በስንት ታደርሰናለህ?» ሕጉ ግን የግል አብራሪ ከተሳፋሪ ክፍያ አይቀበልም ይላል። የነዳጅና የኪራይ ወጪ መካፈል ይቻላል፤ ያውም አብራሪው የራሱን ድርሻ ከከፈለ። ሰው በመጫን የምተዳደር ሰውዬ፣ ሽቅብ ስወጣ ከፋይ ሆኜ አረፍኩት።

የመጀመሪያ ተሳፋሪዎቼ ባለቤቴ፣ አክስቷ እትዬና ያ ስም አውጪ ጓደኛዬ እንዲሆኑ ተወሰነ። ወንበሩ አራት ነው፤ አራት ወንበር ማለት ግን አራት ሰው ማለት አይደለም። እኛ የምንከራየው አውሮፕላን ታንኩ ጢም ሲል ለበረራ የሚውል 53 ጋሎን ይይዛል፤ ነዳጁ ብቻ ከ140 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈው 250 ኪሎ አይሞላም። እንደ አዲስ አበባ ሚኒባስ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይይዛል» አይባልበትም። ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ማን የት እንደተቀመጠም ይሰላል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ካመዘነ አውሮፕላኑ አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ እርሳስ ይዤ ጥየቃ ጀመርኩ። ባለቤቴ የሠርጋችን ቀን የነበራትን ኪሎ ነገረችኝ። ጓደኛዬ «ዘጠና፤ ያለ ቁርስ» አለ። እትዬ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስንት ኪሎ ነዎት?» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካክለው ትኩር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እዚህ ሀገር ሰው በኪሎ የሚመዘነው በሣጥን ወደ አገሩ ሲላክ ነው። እኔ ገና ነኝ።»

የሚስቅ ጠፋ፤ እሳቸው ቀድመው ሲስቁ ነው የተነፈስነው። ወደ ላይ ገምቼ ጻፍኩ። ከዚያ ስንቁ መጣ፦ ድፎ ዳቦ፣ ዶሮ ወጥ ከነድስቱ፣ ጀበና ከነረከቦቱ። ስሌቱ ፈረሰ። ጓደኛዬ ድስቱን ታቅፎ፣ «ይሄስ ከመጀመሪያውም የሚያምር ነገር አልነበረውም» ብሎ በታክሲው በሩት 50 አውራ ጎዳና ቀደመን።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ የመጣ፣ በየአቅጣጫው 30 የባሕር ማይል የሚዘልቅ ልዩ የአየር ክልል አለ። በረራን ሳያስመዘግቡ፣ የተሰጠውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሳያስገቡና ከተቆጣጣሪው ጋር ሳይነጋገሩ መብረር የጦር ጄት መጋበዝ ነው። እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ማዳመጫውን ከሻሻቸው ላይ ደፍተው፣ በማይክራፎኑ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ ተቆጣጣሪው በሌላኛው ጆሮዬ ይጠራኛል። ጸሎት ማቋረጥ ነውር ነው፤ ተቆጣጣሪን ዝም ማለት ደግሞ ወንጀል። ባለቤቴ ከኋላ ትከሻቸውን ነካ ስታደርጋቸው «አሜን» አሉ፤ በዚያች ክፍተት መለስኩ።

የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ እንደተሻገርን ከፊታችን ደመናው ተቆልሎ ጠብቆናል። በሐምሌ ሙቀት እዚያ አካባቢ ነጎድጓድ ብርቅ አይደለም። እርጅና ለአብራሪ የሚሰጠው ጸጋ ቢኖር እዚህ ላይ ነው። በጉብዝናዬ ወራት ቢሆን «ሰው ምን ይለኛል» ብዬ እገባበት ነበር፤ አሁን ሰው የሚለውን ሁሉ ብሎ ጨርሷል። ዞርኩና ኢስተን አየር ማረፊያ አረፍኩ።

«ደረስን?» አሉ እትዬ።

«ዝናብ ስላለ እዚህ እንቆያለን።»

«ባሕሩስ?»

«ገና ነው።»

«ድስቱስ?»

ጓደኛዬ ዘንድ ደወልኩ። አልፎን ሄዶ ነበርና ተመልሶ መጣ። ዝናቡ ማረፊያውን ሲወቅጠው እኛ ከአዳራሹ ጥግ ዶሮ ወጣችንን በላን። አውሮፕላኑን አስሬ ወደ ኦሽን ሲቲ በታክሲው ተጫንን። መንገድ ላይ እትዬ ከመቀነታቸው ሃያ ዶላር ፈተው ዘረጉልኝ። «እንካ፣ ደህና አድርገህ አወረድከን።»

«እትዬ፣ ሕግ አይፈቅድልኝም፤ ፈቃዴን ይነጥቁኛል።»

«ሃያ ዶላር? የአክስት ብር?»

ጓደኛዬ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። «ለእኔ ይፈቀዳል፣ እትዬ» አለ፤ ተቀብሎም ኪሱ ከተተው።