የሥራ ፈት ሱባኤ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ መብቱ ለተጠበቀለት ተሰናባች፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተከታዩም ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሲሶ እየጨመረ፣ ከ12 ወር ደመወዝ ሳያልፍ የስንብት ክፍያ ይሰጠው ዘንድ ደንግጓል፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ረኃብ ግን፣ እንደ ባሕር ማዶው ያለ የሥራ አጥ ድጎማ ስለሌለን፣ በኢንተርኔት የሚሞላ የሥራ ፈላጊ መዝገብ ተዘርግቶልናል።

እኔም በአዳሚ ቱሉ፣ ከአንዲት ኢንተርኔት ቤት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተሰይሜ፣ በመዝገቡ ቅጽ ላይ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥሬን ጽፌ፣ የማረጋገጫው የምስጢር ቁጥር በስልኬ እስኪገለጥ እንደ ሱባኤ ገቢ ብጠባበቅ፣ ቁጥሩ የመጣው መብራት ከጠፋ በኋላ ሆነ። «ጋሼ፣ ነገ በጠዋት ይምጡ፤ እንደ አዲስ እንሞላዋለን» አለኝ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ።

ከዚህ ብዙም በማይርቀው በዝዋይ ሐይቅ፣ በቱሉ ጉዶ ደሴት፣ የደብረ ጽዮን ማርያም አበው የብራና መጻሕፍትን ከክፉ ዘመን አሳልፈው ለትውልድ ሲያቆዩ፣ ይህ የዘመን ጥበብ የእኔን የአንድ ምስኪን ስምና ዕድሜ ለሩብ ሰዓት በልቡ ማኖር ተሳነው።

እንግዲህ ሥራ ፈት ብሎ የሚያማኝ ቢኖር፣ ቅጹን በየማለዳው መሙላት ራሱ የሙሉ ቀን ሥራ መሆኑን ይወቅልኝ፤ የጎደለው ደመወዙ ብቻ ነው።