ከጀማሪ የፈረንሳይኛ ተማሪ የሚጠበቀው፦ አመሩድ ላይ የተካሄደ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

ኦስሎ ውስጥ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ትምህርት ሲከፈት፣ የጀማሪዎች ፈረንሳይኛ መምህርት አንድ ገጽ ወረቀት ታድላለች። ከተማሪው የሚጠበቀው ሁሉ በተራ ቁጥር ሰፍሯል፦ በሰዓቱ መምጣት፣ ደብተር መያዝ፣ ኮምፒውተርን ቻርጅ አድርጎ መምጣት፣ የቤት ሥራ መሥራት፣ ስልክን ቦርሳ ውስጥ ማኖር፣ በትርጉም መተግበሪያ አለመጻፍ። የመጨረሻው ተራ ቁጥር «ስሕተት ሳትፈሩ ተናገሩ» ይላል።

ትምህርት ቤቱ ጉዳዩ በዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ወረቀቱ ግን በ5 ቁጥር ቲ-ባነ (የከተማ ባቡር) ተሳፍሮ አመሩድ፣ አንድ የሀበሻ ቤት ሲገባ ማንም ያልጻፋቸው ተራ ቁጥሮች ይጨመሩበታል። ጥናቱ የሚመረምረው እነዚህን ጭማሪዎች ነው።

የጥናቱ ቦታና ዘዴ

አመሩድ በሰሜን ምሥራቅ ኦስሎ፣ በግሩሩድ ሸለቆ፣ ከሊሎማርካ ጫካ ጥግ ያለ ሰፈር ነው። አርክቴክት ሆኮን ሚየልቫ የነደፏቸው ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ሥራ ናቸው፤ ቲ-ባነውም እ.ኤ.አ. በ1966 ደርሶለታል። ሰፈሩ ለጥናት የተመረጠው አጥኚው እዚያው ስለሚኖር ነው። በምርምር ቋንቋ ይህ የአመቺነት ናሙና ይባላል።

መረጃው የተሰበሰበው ቡና ላይ ነው። በአቦል መነሻ ጥያቄ ቀረበ፤ በቶና መልሱ ተጣራ፤ በረካ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለተናገረ ትንተናው በዚያው ተጠናቀቀ።

የጀማሪዎች ዓይነት

በኖርዌይ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያመራው የቪደረጎንደ (ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ) ዘርፍ የውጭ ቋንቋ ግዴታ ነው። ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ቋንቋ የተማረ ልጅ ያንኑ መቀጠል ወይም አዲስ ቋንቋ ከዜሮ መጀመር ይችላል። አዲሱን የመረጠ በሁለት ዓመት ውስጥ 225 ሰዓት ይማራል። በዚህ በር የሚገቡት በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ከጀርመንኛ የተሰደዱ ናቸው፤ ፈረንሳይኛን አልመረጡም፣ ጥገኝነት ጠየቁ እንጂ። ሁለተኛዎቹ ፓሪስን በፊልም ያዩ ናቸው። ሦስተኛዎቹ ቤተሰቦቻቸው ከኮንጎ ወይም ከብሩንዲ የመጡ፣ ፈረንሳይኛ እያወቁ ስማቸውን ሲጠየቁ የሚንተባተቡ ልጆች ናቸው፤ የመንተባተብ ችሎታቸው ከፍተኛ ነው። አራተኛዋ የሀበሻ ልጅ ናት። ለምን ፈረንሳይኛ እንደመረጠች ስትጠየቅ «እማዬ ናት» ትላለች።

እዚህ ላይ ንቁ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም። አማርኛ በግል ተፈትኖ እንደ ውጭ ቋንቋ ሊያዝ የሚችል ነው፤ ልጅቷም አማርኛ ትናገራለች፤ ታዲያ ፈረንሳይኛ ምን ያደርግላታል? መልሱ የጽሑፍ ፈተናው ላይ ነው። የአማርኛ መሠረታዊ ፊደላት 33 ሲሆኑ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። የፈረንሳይኛ 26 ናቸው። ልጅቷ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት።

ታሪካዊ ዳራ

የእናትየዋ ውሳኔ ከባዶ የመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በዋናነት የሚያስተምረው በፈረንሳይኛ ነበር። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋን ቆርቁሮ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ራስ ተፈሪም ሐረር ሳሉ የተማሩት ይህንኑ ቋንቋ ነው። ጣሊያን ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ1941 ወዲህ እንግሊዝኛ ወንበሩን ቢወስድም፣ በ1947 የተከፈተው ሊሴ ገብረ ማርያም ቋንቋውን አላስረሳም።

በዚህ የተነሣ ድሬዳዋ ያሉት የምድር ባቡር ጡረተኛ አያት በስልክ «ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው ተማረ አይባልም» ሲሉ፣ በወረቀቱ ላይ አዲስ ተራ ቁጥር ይጨመራል፦ ለገና ከአያት ጋር በፈረንሳይኛ ማውራት። ከነሐሴ እስከ ፈረንጆች ገናም ሆነ እስከ ሀበሻ ገና ያለው ጊዜ ተሰልቷል፤ አያትየው በሁለቱም አይስማሙም፤ «እስከ መስቀል ምን ያንሳታል?» ይላሉ።

ግኝት አንድ፦ አፍ

የኦስሎ ልጅ «ዠ» እና «ኝ» በሚባሉት የፈረንሳይኛ ድምፆች ላይ ወራት ያሳልፋል። የሀበሻዋ ልጅ ሁለቱንም ከእናቷ ወስዳለች። ከንፈር አሹሎ የሚወጣውን የፈረንሳይኛ አናባቢ ደግሞ ከኖርዌይኛ አግኝታዋለች። በአፍንጫ የሚነገረውን ብቻ ማንም አላወረሳትም። በዚህ ስሌት ልጅቷ የመጀመሪያው ቀን ላይ ግማሽ መንገድ ተጉዛለች። መዝገቡ ላይ ግን «ጀማሪ» ተብላለች።

ግኝት ሁለት፦ አክብሮት

ኖርዌጂያኖች አክብሮታዊውን አጠራር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ እየተዉት መጥተው፣ ዛሬ ንጉሡ ሲቀሩ መምህሩንም ሚኒስትሩንም አንተ ይላሉ። ስለዚህ ፈረንሳዮች ለማያውቁት ሰው የተለየ መጠሪያ እንዳላቸው ሲነገር ክፍሉ ይደነግጣል። አንድ ተማሪ «ዳቦ ለመግዛትም?» ብሎ ይጠይቃል። የሀበሻዋ ልጅ አትደነግጥም። እርስዎ ማለት የማያስፈልጋት ከሕፃን ወንድሟ ጋር ስትሆን ብቻ ነው። መልሱን ታውቃለች፤ እጇን ግን አታወጣም።

ግኝት ሦስት፦ ውጤት

በኖርዌይ ውጤት ከ1 እስከ 6 ነው። ቡና ላይ የተመዘገበው ቃለ ምልልስ ይህን ይመስላል።

«እማዬ፣ በፈረንሳይኛ ጽሑፍ 5 አመጣሁ።»

«ከስንት?»

«ከ6።»

«አንዷን ማን ወሰደብሽ?»

ቀጥሎ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣች ትጠየቃለች። ኖርዌይ ውስጥ ተማሪ በደረጃ እንደማይሰለፍ ታስረዳለች። እናት ይህን የመንግሥት ምስጢር አድርጋ ትወስደዋለች። «አንደኛውን ይደብቁታል እንጂ አይጠፋም» ትላለች።

ግኝት አራት፦ ዝምታ

ዋናው ግኝት ይህ ነው። የትምህርት ቤቱ ወረቀት «ተናገሩ» ይላል። የቤቱ ወረቀት «ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በይ፤ የማታውቂውን አትዘባርቂ፤ ሰው ፊት አታዋርጂን» ይላል። ልጅቷ ሁለቱንም አክብራ ትኖራለች፤ ማለትም ትክክለኛውን መልስ በልቧ ትናገራለች።

የኖርዌይ ሥርዓት ለዚህ ሳያስበው ተዘጋጅቷል። ሥነ ምግባር ከትምህርቱ ተለይቶ የራሱ ውጤት አለው፤ ከፍተኛው «ጥሩ» ነው። ልጅቷ በሥነ ምግባር «ጥሩ» በማግኘቷ በፈረንሳይኛ ንግግር 2 ታገኛለች። ምክንያትና ውጤት እንዲህ ጥርት ብሎ የታየበት ጥናት ብዙ አይደለም።

በወላጅና መምህር ውይይት ላይ መምህርቷ ፊቷን አክብዳ «ልጅሽ በጣም ዝምተኛ ናት» አለች። እናት ከወንበሯ ብድግ ብላ አመሰገነች።

ያልተጠበቀ ግኝት

አጥኚው የወረቀቱን የመጨረሻ ተራ ቁጥር የሚያሟላ ሰው በአመሩድ ፈልጎ አንድ አግኝቷል። እናትየዋን። ግሮንላንድ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ አትክልት ቤት በኖርዌይኛ ስትከራከር ሦስቱን የስም ጾታዎች በአንድ ታጠቃልላለች፤ ኃላፊውን ግሥ የመጣ ቀን ታገኘዋለች፤ ቃል ሲጠፋባት በእጇ ትሞላዋለች። ድምፅዋ ዝቅ አይልም። ልጇ በሐፍረት አንገቷን ደፍታ ስታርማት «ሰውየው ገብቶታል አይደል?» ትላለች። ከኮሙነው (ከማዘጋጃ ቤቱ) ጋርም፣ ከሐኪሙም፣ ከጎረቤቱም የምትግባባው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአስተርጓሚዎች ሕግ መሥሪያ ቤቶች ልጆችን እንዳያስተረጉሙ በመርሕ ይከለክላል፤ እናትየዋ ግን ሕጉ ከመውጣቱ በፊትም አስተርጓሚ አልፈለገችም። በሰዓቱ መምጣት ከሚለው ተራ ቁጥር በቀር የወረቀቱን ሁሉ ታሟላለች።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ የወረቀቱ የመጨረሻ ተራ ቁጥር ወደ መጀመሪያ ይምጣ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ላይ ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ልጁ ወላጁ ገበያ ላይ ኖርዌይኛ ሲናገር በጥሞና እንዲሰማ ይደረግ፤ እንዲያርም ግን አይፈቀድለት። ሦስተኛ፣ እናትየዋ ራሷ በጀማሪ የፈረንሳይኛ ክፍል ትመዝገብ።

ሦስተኛው ሐሳብ ለባለጉዳይዋ ቀርቦላት ነበር። «በዚህ ዕድሜዬ? ስሳሳት ሰው ይስቅብኛል!» ብላለች። መልሱ የልጅቷ ዝምታ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሆኖ ተመዝግቧል።