ባዶውን መልስልኝ

መልእክቱ አጭር ነው። «ሰላም፤ ዕቃው ዛሬ ደርሶኛል። ስከፍተው ባዶ ነው። ገንዘቤን መልስልኝ።» ከሥሩ ፎቶ ተያይዟል፦ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ካርቶን። ኢቤይ በተባለው የአሜሪካ የኦንላይን ጨረታ ገበያ አሮጌ ካሜራና ሌንስ እየሸጠ የቤት ኪራዩን የሚደጉም ሰው ይህ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ፎቶውን ማጉላት ነው። ምን ሊያይ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። ባዶ ነገር ቢያጎሉት ያው ባዶ ነው።

ሻጩ ሌንሱን በገዛ እጁ አሽጓል። ባለአረፋ ፕላስቲክ ደጋግሞ ጠቅልሎበታል፣ ክፍተቱን በጋዜጣ ጠቅጥቋል፣ ካርቶኑን ጆሮው ሥር ይዞ ነቅነቅ አድርጎ ድምፅ አለመኖሩን አረጋግጧል፣ መቀሱ ስለጠፋበት ፕላስተሩን በጥርሱ በጥሷል። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ሚዛን ላይ አስቀምጣ «የሚሰበር፣ ፈሳሽ፣ ባትሪ አለበት?» ብላ ጠይቃዋለች። ክብደቱ በፓውንድና በኦውንስ ደረሰኙ ላይ ታትሟል። ይህን ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ ለገዢው ይልክለታል፤ የሌንስ ያህል የሚከብድ ባዶ ካርቶን እስካሁን አልተፈበረከምና።

ገዢው መልስ አያጣም። «ድንጋይ ከተህበት እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?» ጥሩ። ድንጋዩ ታዲያ የታለ? ፎቶው ላይ ድንጋይም የለም።

ይህ ጣጣ ለእኛ ሰው እንግዳ ነው። መርካቶ ስልክ የሚገዛ ሰው ካርቶኑን ሳያስከፍት እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። ስልኩን አውጥቶ፣ ሲም ካርዱን ከትቶ፣ ቤት ደውሎ «ይሰማል?» ካለ በኋላ ነው ብር የሚቆጥረው። ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ የበርበሬና የሽሮ አደራ የሚሰጠው መንገደኛም «እስቲ ይፈታና ልየው» ሳይል ሻንጣው ውስጥ አይጨምርም፤ ላኪዋም «አላመነኝም» ብላ አታኮርፍም። ፊት ለፊት ከተከፈተ በኋላ መተማመን ይመጣል። በኦንላይን ጨረታ ግን ተራው ተገልብጧል፤ መጀመሪያ መተማመን፣ ቀጥሎ ክፍያ፣ መክፈቱ መጨረሻ ላይ፣ ያውም ሻጩ በሌለበት።

ገበያው እንዲህ መጀመሩን ማስታወስ ደግ ነው። ፒየር ኦሚድያር በ1995 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የኢቤይን ድረ ገጽ ሲከፍት መጀመሪያ የተሸጠው የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ በ14.83 ዶላር። ኦሚድያር ነገሩ ግራ ገብቶት ለገዢው «መበላሸቱን ተረድተሃል?» ብሎ ቢጽፍለት፣ ሰውየው የተበላሹትን የሚሰበስብ ሆኖ ተገኘ። የማይሠራ ዕቃ ደርሶት የተደሰተ ገዢ! ሻጮች እንዲህ ያለውን ደንበኛ እስከ ዛሬ በሻማ እየፈለጉት ነው።

ለነገሩ ባዶ መግዛት በራሱ የሚያሳፍር አይደለም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኢቭ ክላይን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምንም የሌለበትን ክፍት ቦታ በወርቅ ይሸጥ ነበር። ገዢው የሚቀበለው ደረሰኝ ብቻ ነው። ደረሰኙን ለማቃጠል ከፈቀደ ክላይን ከወርቁ ግማሹን ምስክሮች ባሉበት ሴን ወንዝ ውስጥ ይጥልለታል። ከደረሰኞቹ አንዱ በ2022 በሶዝቢስ ጨረታ ፓሪስ ላይ ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣ። የፖስታ ቤት ደረሰኙን በጫማ ካርቶን የሚያጠራቅመው የሌንስ ሻጭ ይህን ሲሰማ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ጣሊያናዊው ሳልቫቶሬ ጋራውም በ2021 የማይታይ ሐውልት ለጨረታ አቅርቦ በ15,000 ዩሮ ተሸጦለታል፤ ገዢው የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ፤ ሐውልቱ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ያህል ነፃ ቦታ እንደሚያስፈልገው ተነገረው። «ባዶ ነው የደረሰኝ» ብሎ የጻፈ የለም።

የጻፈው የዴንማርክ ሙዚየም ነው። በኦልቦርግ ከተማ የሚገኘው ኩንስተን ሙዚየም በ2021 ለአርቲስቱ ዬንስ ሃኒንግ ከግማሽ ሚሊዮን ክሮነር በላይ ጥሬ ገንዘብ አበደረው፤ የሰውን የዓመት ገቢ በክፈፍ ውስጥ በኖት ደርድሮ እንዲያሳይ። ሃኒንግ ሁለት ባዶ ክፈፍ ላከና ሥራውን «ገንዘቡን ይዘህ ጥፋ» ብሎ ሰየመው። ሙዚየሙ ባዶዎቹን ሰቅሎ ለሕዝብ አሳየ፤ ገንዘቡ በቀጠሮው አለመመለሱን ሲያይ ግን ከሰሰ። በ2023 ፍርድ ቤት ገንዘቡን መልስ አለው፤ የአርቲስት ክፍያውን ግን ቀንሶለት ነው። አንድ ሙሉ ተቋም፣ ከነጠበቃው፣ ባዶ መቀበሉን ለማስፈረድ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀበት።

በኢቤይ ነገሩ ይፈጥናል። ገዢው ለማመልከት 30 ቀን አለው፤ ሻጩ ለመመለስ 3 የሥራ ቀን። አቤቱታው «ዕቃው እንደተባለው አይደለም» በሚለው መደብ ከገባ ሻጩ ገንዘቡን ወዲያው መመለስ ወይም ዕቃው ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ሁለተኛውን ቢመርጥ የመመለሻውን የፖስታ ሒሳብ የሚከፍለው ራሱ ነው። ልብ ይሏል፤ ባዶ ነው የተባለውን ካርቶን በራሱ ገንዘብ ያስመልሳል፣ ካርቶኑም ሲመጣ እውነትም ባዶ ነው። ከ750 ዶላር ጀምሮ ተቀባዩ ፈርሞ እንዲወስድ ማድረግ ለሻጩ መከላከያ እንደሚሆን ይነገረዋል። ፊርማው ካርቶኑ መድረሱን ይመሰክራል። ውስጡን ማን አየ?

እዚህ ላይ ነው የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ፈገግታ የሚጠፋው። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሌንሱን ካሜራው ላይ የገጠመ ሰው፣ በዚያው ሌንስ የባዶውን ካርቶን ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ገንዘቡም ይመለስለታል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኸው ነው። ይባስ ብሎ ይህን ሰው ለሌሎች ሻጮች «ተጠንቀቁት» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ኢቤይ ላይ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጭ ለገዢ መጥፎ አስተያየት እንዳይሰጥ ተከልክሏል። ምክንያቱ ሻጮች ቅሬታ ያቀረበባቸውን ገዢ በአጸፋው ስሙን ያጠፉ ነበር የሚል ነው፤ እውነትነትም አለው። አንዱን በደል ለማቆም የሌላውን አፍ መሸበብ ግን ምን ዓይነት ዳኝነት ነው? ፖስታን ለማጭበርበር መጠቀም በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 20 ዓመት ያሳስራል። ለ40 ዶላር ሌንስ ብሎ በር የሚያንኳኳ መርማሪ ግን የት ይገኛል? ሻጮች እርስ በርስ ሲመካከሩ «ለፖስታ መርማሪዎች አመለክታለሁ፤ አንተም ቃልህን በፊርማህ ስጥ በለው» ይባባላሉ። አንዳንዱ ገዢ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ይጠፋል። አንዳንዱ ደግሞ ሳያቅማማ ይፈርማል።

የሚፈርመው እውነቱን ቢሆንስ? ችግሩ ይህ ነው። ሻጭም ሁሉ ጻድቅ አይደለም፤ በኅዳር 2020 ፕሌይስቴሽን 5 ገበያ ላይ እንደ ወርቅ ሲፈለግ የማሽኑን ፎቶ ብቻ ለጨረታ ያወጡ ነበሩ። ካርቶንም በመንገድ ላይ ይቀደዳል፤ ያ በጥርስ የተበጠሰ ፕላስተር የፖስታ መለያ ማሽኑ ላይ ይላቀቃል፣ ሌንሱ ይወድቃል፣ ባዶው ካርቶን ጉዞውን ይቀጥላል። ሐቀኛው ገዢና አጭበርባሪው የሚልኩት ፎቶ አንድ ዓይነት ነው።

የወደቀ ዕቃ ባለቤቱ ካልታወቀ አትላንታ ወደሚገኘው የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የጠፉ ዕቃዎች ማዕከል ይላካል። አድራሻ የሚጠቁም ነገር እንዳለው ይፈተሻል፤ ከሌለው በክምችት ቆይቶ ይሸጣል። የሚሸጠውም ጎቭዲልስ በሚባል የኦንላይን ጨረታ ነው። በጅምላ ከሚገዙት መካከል መልሰው በችርቻሮ የሚያወጡ አሉ፤ እነሱም ያሽጋሉ፣ እነሱም ሚዛን ላይ ያስቀምጣሉ።

አሁን አሁን ብልጥ የተባሉት ሻጮች ሲያሽጉ ራሳቸውን ቪዲዮ ይቀርጻሉ፤ መለያ ቁጥሩን ለካሜራው ያሳያሉ፣ እስከ መጨረሻው ፕላስተር ድረስ ሳይቆርጡ። ጥሩ ፊልም ነው። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን መልሰው አለመክፈታቸውን ግን አያሳይም ይላል ገዢው፤ እውነቱን ነው፣ አያሳይም። የሌንሱ ሻጭ ግን ለአቤቱታው ምን ብሎ እንደሚመልስ ገና አልወሰነም። ከ3ቱ የሥራ ቀናት አንዱ አልፏል፤ ደግነቱ ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም።