ለቮልስዋገኗ የሚታዘንበት አዳራሽ

«የመኪና ማሳደድ» ፊልም፣ ማለትም አንዱ ሹፌር ሲሸሽ ሌላው ፍሬን እንደሌለው ሆኖ የሚከተልበት ትዕይንት፣ ለጄኔቭና ለዙሪክ ሙዚየሞች ከየትም በላይ ይገባቸዋል፤ ስዊዘርላንድ ከ1955 (እ.ኤ.አ.) የለ ማን የመኪና ውድድር እልቂት በኋላ የዙር ውድድርን፣ ይኸውም በአንድ ትራክ ላይ እየተሽከረከሩ መሽቀዳደምን፣ ከልክላ፣ በ2018 ዙሪክ ላይ በሩን ገርበብ ስታደርግም ለኤሌክትሪክ መኪኖች ነበርና። በ1968ቱ «ቡሊት» ፊልም ውስጥ ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ማስታንግ መኪናውን በሳን ፍራንሲስኮ ቁልቁለት ሲያስጋልብ፣ አንዲት አረንጓዴ ቮልስዋገን፣ በቀረጻው ቅንብር ምክንያት፣ ደጋግማ ትቀደማለች። ስዊሳዊው ተመልካች ግን፣ ከ2013 ወዲህ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት ክልል በ100 የነዳ ሰው ወህኒ ሊወርድ እንደሚችል ያውቃልና፣ የሚያዝነው ለቮልስዋገኗ ነው፤ ከአዳራሹ ወጥቶም፣ ጭር ባለው ጎዳና ዳር፣ የእግረኛው መብራት አረንጓዴ እስኪሆን በትዕግሥት ይቆማል።