የኢትዮ-ጓሮ ምድር ባቡር

የጓሮ ባቡር ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛ፣ ቀድሞ ጎመን ይበቅልበት በነበረ መሬት ላይ 45 ሚሊ ሜትር ተራርቀው የተዘረጉ ሁለት የናስ ሐዲዶች። ሁለተኛ፣ ሲሆንለት የሚሄድ፣ ሳይሆንለት የሚቆም ባቡር። ሦስተኛ፣ ከጎኑ ተንበርክኮ «አንድ ደቂቃ፣ አሁን ይሄዳል» የሚል ያደገ ሰው። ሰውየው ከሌለ መጫወቻ ነው። ባቡሩ ከሌለ ጥገና ላይ ነው፤ የዓመቱ አብዛኛው ጊዜም በዚህ ያልፋል።

ይህ ጥናት የተካሄደው ጀርመን አገር፣ ኑርንበርግ ከተማ፣ ስምንት ሜትር በአምስት በሆነ ጓሮ ውስጥ ነው። አጥኚዋ የጓሮው የቀድሞ ገበሬ ስሆን፣ ዛሬ ይዞታዬ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለች አንዲት የጤና አዳም ቁጥቋጦ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን በክርክር ላይ ናት። ዋና መሐንዲሱ ባለቤቴ ናቸው። ጥናት ስለሆነ አንቱ እላቸዋለሁ። እሳቸው ግን የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፤ ድሬ ደግሞ አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም። ስለዚህ ይህን ሲያነቡ ስለ ማን እንደማወራ መጠየቃቸው አይቀርም።

ቦታው ታሪክ የሌለው አይደለም። የጀርመን የመጀመሪያው የእንፋሎት ባቡር እ.ኤ.አ. በ1835 የተነሣው ከዚሁ ከኑርንበርግ ነው፤ የሄደውም እዚሁ ጎረቤት እስካለችው እስከ ፉርት ነበር። ዝናብና ፀሐይ ችሎ ደጅ የሚሄደው ኤልጂቢ የሚባለው የሞዴል ባቡርም እ.ኤ.አ. በ1968 ከዚህችው ከተማ ወጣ። አንዱን ሣጥን ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ከምድር ቤታቸው አውጥተው በአጥሩ ላይ አቀበሉን። «ለልጆቹ» አሉ። ልጆቹ እስከ ዛሬ አልነኩትም።

በሣጥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጎታች፣ ሁለት ፉርጎና 12 ጥምዝ ሐዲዶች ነበሩ። ሐዲዶቹ ሲገጣጠሙ አንድ ክብ ይሠራሉ፤ ከመሐሉ እስከ ሐዲዱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬም የጓሯችንን ጎመን እየበላን ነበር። ዋና መሐንዲሱ ግን በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ምጥጥን አነበቡ፦ 1 ለ 22.5። ስልካቸውን አውጥተው 45 ሚሊ ሜትርን በ22.5 አባዙት። አንድ ሜትር ከጥቂት ሚሊ ሜትር መጣ። ድጋሚ አባዙት። ከዚያ እራት አልበላም አሉ።

አንድ ሜትር ማለት የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ ስፋት ነው። የዛሬው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር 1,435 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፤ እሱን ዋና መሐንዲሱ እንደ ባቡር አይቆጥሩትም። እሳቸው ያደጉት በአሮጌው ጡሩምባ እየነቁ ነው። አንድ የጀርመን መጫወቻ ሠሪ ሳያውቀው የድሬዳዋን ሐዲድ በትክክለኛው ምጥጥን አሳንሶ፣ በሣጥን አሽጎ፣ በጎረቤት እጅ ልኮላቸዋል። ይህን የመሰለ ምልክት ያየ ሰው ጎመን አይታየውም።

ከዚያ ሒሳቡ ተሠራ። ሙሉው መስመር ወደ 784 ኪሎ ሜትር ነው። በ22.5 ሲካፈል 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ይፈልጋል። ለገሃር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ላይ ስለምትገኝ፣ በጓሮው ማዶ ጫፍ መቶ ሜትር የሚያልፍ ኮረብታ መቆለል ነበረበት። መጠነኛ ማሻሻያ ተደረገ። ጅቡቲ የልብስ ማስጫው እንጨት ሥር ሆነች፣ ድሬዳዋ ከቧንቧው አጠገብ፣ አዋሽ የውኃ መውረጃው ላይ፣ ለገሃር ደግሞ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጎን። አፄ ምኒልክ ለመስመሩ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። እኔ እስካሁን አልሰጠሁም። እውነተኛው መስመር እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የኛው በአራተኛ ዓመቱ አዋሽን ለመሻገር እየሞከረ ነው።

ስለ ግንባታው ብዙ አልልም። ጉድጓዱ አንድ ስንዝር ይቆፈራል፣ ጠጠር ይሞላል፣ ይጠቀጠቃል፣ ከላዩ ሐዲዱ ይቀመጣል። ጠጠር በሁለት ይከፈላል፦ ድቡልቡልና ባለ ጠርዝ። ድቡልቡሉ እንደ ሽምብራ ይንከባለላል፤ ባለ ጠርዙ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ሐዲዱን ይይዛል። ዋና መሐንዲሱ ይህን የተረዱት ሦስት ኬሻ ድቡልቡል ጠጠር በመኪናችን ካጋዙ በኋላ ነው። ሽቅብ ሲሆን በሜትር ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ማንሣት አይመከርም፤ ስለዚህ ውኃ ልኩ ከእጃቸው አይለይም፣ ማታም ማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ዋሻ ከአንድ ክንድ መርዘም የለበትም፤ ባቡሩ ውስጥ ሲቆም እጅ የሚደርስበት እስከዚያ ነው። ናስ ደግሞ በሙቀት ይለጠጣል፤ 20 ሜትር ሐዲድ በክረምቱ ብርድና በበጋው ፀሐይ መካከል፣ ልዩነቱ 40 ዲግሪ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ካልተተወለት ሐምሌ ላይ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ክፍተት አልተተወለትም ነበር።

ዕፅዋትን በሚመለከት ግን ዝም የማልልበት ጉዳይ አለ። የጓሮ ባቡር ተክል ቅጠሉ ትንሽ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አንድ የጎመን ቅጠል ጣቢያውን ከነተሳፋሪው ይከድነዋል። ስለዚህ ጀርመኖች መሬት ለመሬት የሚሳብ ጦስኝ ይተክላሉ። ጦስኙን ወደድኩት፤ ሻይ አፈላበታለሁ። ከዚያ ግራር ተፈለገ። ለድሬዳዋ መንገድ ግራር የግድ ነው፤ ግንዱ ራቁቱን የሆነ፣ አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ። ዋና መሐንዲሱ ጓሮውን ሲቃኙ ዓይናቸው ጤና አዳሜ ላይ አረፈ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ስመለስ የታችኛውን ቅርንጫፍ ሁሉ በጥፍር መቁረጫ ጨርሶ፣ አናቱን ጠፍጣፋ አድርጎ ከርክሞታል። ይቅርታ፣ ከርክመውታል። ግራር መምሰሉን አልክድም። እሁድ ለቡና አንዲት ዘለላ ስቀጥፍ ግን፣ ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ያለውን ደን እየጨፈጨፍሽ ነው ተብዬ ተከሰስኩ።

ባቡሩ የሚቆምባቸውን ምክንያቶች በአሥራ አንድ ክፍል መድቤ ነበር። ቅጠል፣ ቀንድ አውጣ፣ ጠጠር የሚበትን ወፍ፣ የጎረቤት ድመት እያልኩ ስቀጥል፣ ዋናው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ሆኖ አገኘሁት፦ ባቡሩ መብራት የሚያገኘው በሐዲዱ በኩል ነው፤ ሐዲዱ ደጅ አድሮ ይጠቁራል፤ ሲጠቁር መብራት ይጠፋል። ሲጠፋ ዋና መሐንዲሱ «ልክ አገራችን» ይላሉ፤ በደስታ ነው የሚሉት። ስለዚህ ምደባውን ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ግመሉ።

ድሬዳዋ ያለ ግመል አይሆንም። በገባንባቸው የሞዴል ሱቆች ሁሉ ላም አለ፣ ፈረስ አለ፣ ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ አለ፣ ብስክሌት የወደቀበት ቄስ እንኳ አይተናል። ግመል የለም። ዋና መሐንዲሱ አንድ ሙሉ በጋ አዘኑ። በታኅሣሥ፣ የከተማውን የገና ገበያ አቋርጠን ስናልፍ፣ በድንገት ቆሙ። ጀርመኖች ለገና ትንንሽ በረት ያቆማሉ፤ ሕፃኑ፣ እመቤታችን፣ ዮሴፍ፣ እረኞቹ፣ ሰብአ ሰገል። ሰብአ ሰገል ደግሞ በእግራቸው አልመጡም።

መስፈርቱ ግልጽ ነበር። ግመል እስከ ሻኛው ጫፍ ሁለት ሜትር ከምናምን ነው፤ በ22.5 ሲካፈል ወደ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር። ዋና መሐንዲሱ ሜትር ከኪሳቸው አውጥተው ከድንኳን ድንኳን ግመል ይለኩ ጀመር። የጌታ ልደት ግመሎች በሦስት ይመደባሉ።

ተንበርካኪው በብዛት ይገኛል። ለሕፃኑ የሰገደ ስለሆነ ሃይማኖቱ የሚመሰገን ነው፤ ጣቢያ ላይ ሲቀመጥ ግን ለባቡሩ የሰገደ ይመስላል። ዋና መሐንዲሱ ይህንንም ለጥቂት ደቂቃ በቁም ነገር አስበውበታል። ባለ ንጉሡ ከጋላቢው ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ነው። ንጉሡን ማውረድ አይቻልም፤ አልወርድም ያለ ንጉሥ ይዞ ደግሞ ድሬዳዋ ጣቢያ መቆም ሌላ ታሪክ ይቀሰቅሳል። ሦስተኛው ባለ ሁለት ሻኛ ነው። ይህ የመካከለኛው እስያ ግመል ነው፤ በኛ አገር ያለው አንድ ሻኛ ብቻ ነው ያለው። ዋና መሐንዲሱ ይህንን ለሻጯ ሴትዮ አስረዷት። ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰምታ «ለየትኛው ንጉሥ ነው?» አለች።

«ለምድር ባቡር» አሉ።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች። እኔ የሚቆላውን ለውዝ እያየሁ ነበር።

እንዲህ ሦስት ታኅሣሥ አለፈ። በሦስተኛው፣ አንድ ጆሮው በመሰበሩ ዋጋው የወረደ ግመል ተገኘ። ቆሞ ነው፣ ንጉሥ የለበትም፣ ግን ባለ ሁለት ሻኛ ነው፤ ቁመቱም 14 ሳንቲ ሜትር። በእውነተኛው ዓለም ሦስት ሜትር ከ15 መሆኑ ነው። ገዙት። ቀዶ ጥገናው የተካሄደው በወጥ ቤቴ ውስጥ፣ በሽንኩርት መክተፊያዬ ላይ፣ በብረት መጋዝ ነው። የኋላው ሻኛ ሲነሣ የግመሉ ሆድ ባዶ መሆኑ ታወቀ፤ ጀርባው ላይ አምስት ሳንቲም የሚያስገባ ቀዳዳ ቀረ። በማጣበቂያ ሞሉት። ማጣበቂያው ሌሊቱን አብጦ፣ ጠዋት ሻኛው ተመልሶ በቅሎ ጠበቀን።

ዋና መሐንዲሱ ቡናቸውን ሳይጠጡ ግመሉን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ዝም አሉ። ዝምታው አላስቻለኝም። ካረጀ ነጠላዬ ጥለቱን ጨምሬ ቆረጥኩ፣ ጥጥ ሞላሁበት፣ በክር ጠፍሬ አንዲት ጥቅልል ጭነት ሠራሁና ጉብታው ላይ አሰርኩት። በዚህ ጥናት ውስጥ ያበረከትኩት ይኸው ነው። ግመሉ ከጣቢያው ጣሪያ በላይ ስለሆነ፣ እግሩ እንዳይታይ ከጣቢያው ጀርባ ቆመ፤ አንገቱና ጭነቱ ብቻ ወደ ውጭ ብቅ ይላሉ።

ባለፈው ሰኔ መስመሩ በቪዲዮ ተመረቀ። የባለቤቴ አባት ድሬዳዋ፣ የምድር ባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስልኩን ይዤ ጅቡቲ ከልብስ ማስጫው ሥር ጀምሬ ቀስ እያልኩ አሳየኋቸው። ባቡሩ ሄደ፤ እመሰክራለሁ፣ ያን ቀን ሄደ። አባባ ምንም አላሉም። ኩርባው ላይ ሲደርስ ብቻ «እዚህ ጋ ይገለበጣል» አሉ። ልክ ናቸው፤ ያ ኩርባ በእውነተኛው መጠን ከመሐሉ እስከ ሐዲዱ 13 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፣ ለከባድ መኪና እንኳ ይጠባል። ልጃቸው ግንባሩን ጠረገ።

ድሬዳዋ ስንደርስ «ቁሚ» አሉኝ። ቆምኩ።

«ያ ግመል ለምንድነው ከጣቢያው ጀርባ የቆመው?»

ባለቤቴ ስለ ምጥጥን ማስረዳት ጀመረ። ስለ 14 ሳንቲ ሜትር፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ገና ገበያው። አባባ እጃቸውን አወናጨፉ። «ተወው አንተ። ከጣቢያ ጀርባ የቆመ ግመል ምን እንደሆነ ለኔ ነው የምታስረዳኝ? ኮንትሮባንድ ነው።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፣ ፊታቸውን ስክሪኑን እስኪሞላ አስጠጉ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ፣ ምን ጭኗል?»

«ነጠላ ነው፣ አባባ» አልኩ።

«ስንት ነው?»